ስለ ጣና የጻፋችሁት ጉግል ላይ እንዲገኝ የቱ ይሻላል?

ባሕር ዳር ውስጥ ስለ ከተማው የሚጽፍ ሰው አይጠፋም። ስለ ዘጌ ቡና፣ ስለ ደሴቶቹ ገዳማት፣ ስለ ታንኳ ሠሪዎች፣ ስለ እምቦጭ የሚጽፉ ልጆች አሉ፤ ጥሩ አድርገውም ይጽፋሉ። ግን ጽሑፋቸው ተፈልጎ አይገኝም። አንድ ሰው አዲስ አበባ ወይም ሲያትል ቁጭ ብሎ ስለ ጣና ሲፈልግ የሚመጣለት፣ እዚህ ረግጦ የማያውቅ ሰው ከሌላ ገልብጦ የለጠፈው አራት መስመር ነው። ይሄ ያንገበግበኛል። ለመገኘት ከሚያስፈልገው ነገር አብዛኛው እኮ ብር አይጠይቅም። ትክክለኛ ምርጫና ትንሽ ትዕግስት ከተገኘ ይበቃል።

ጥያቄዎቹ ሁልጊዜ «ይሄ ይሻላል ወይስ ያ?» እየተባሉ ነው የሚመጡት። እኔም በዚያው ልሂድ።

ቴሌግራም ወይስ የራስ ገጽ?

ቴሌግራም ቻናል ለመክፈት ደቂቃ አይፈጅም፣ ሰውም ያለው እዚያ ነው። ስለዚህ ተዉት አልልም። ግን እዚያ የተለጠፈ ነገር ዕድሜው አጭር ነው፤ ሌላ ፖስት ሲደራረብበት ይቀበራል። ፌስቡክ ላይ ያለው ብዙ ነገር ደግሞ ሳይገቡ ስለማይታይ ጉግል በወጉ አያገኘውም። ቲክቶክ ተመልካች ያመጣል፣ ግን «ከባሕር ዳር ጢስ ዓባይ ለመሄድ መኪናው ከየት ይነሳል?» ብሎ ለሚፈልግ ሰው መልስ አይሆነውም።

የእኔ ምርጫ ይሄ ነው፦ ሙሉው ጽሑፍ በራሳችሁ ገጽ ላይ ይቀመጥ፣ ቴሌግራም ላይ ሊንኩንና ሁለት መስመር ጣሉ። ብዙ ሰው የሚያደርገው ተቃራኒውን ነው። ሙሉውን ቻናሉ ላይ ይለቅና ገጹ ላይ ቅንጫቢ ይተዋል፣ ከዚያ ፍለጋ ላይ የሚገኘው ያ ቅንጫቢ ብቻ ይሆናል።

ብሎገር ወይስ ዎርድፕሬስ?

ሁለቱም የራስ ገጽ መክፈቻ ናቸው። ብሎገር የጉግል ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2003 ነው የገዛው። ነጻ ነው፣ ሆስቲንግ (የገጹ ማስቀመጫ ኪራይ) አይከፈልበትም፣ ማደስ የለም። በራስ አገልጋይ የሚተከል ዎርድፕሬስ ደግሞ ሰፊ ነው፤ መልኩንም፣ የፍለጋ ማስተካከያውንም እንደፈለጋችሁ ታደርጉታላችሁ። ግን ሆስቲንግ ይፈልጋል፣ የውጭ ሆስቲንግ በዶላር ነው የሚከፈለው፣ እዚህ ሆኖ በዶላር የሚከፍል ካርድ ማግኘት ደግሞ ራሱን የቻለ ጣጣ ነው። አንድ ዓመት ክፍያው ካለፈ ገጹ ከነጽሑፉ ይጠፋል። ፕለጊኖቹን (የሚጨመሩበትን መገልገያዎች) ሳታድሱ ከተዋችኋቸውም ለሰርጎ ገቦች በር ይከፍታሉ።

ጉግል የራሱ ስለሆነ ብቻ ብሎገርን ከፍ አድርጎ አያሳይም፤ ዎርድፕሬስም ስለሆነ አይጨምርለትም። ስለዚህ የቱ ይሻላል ለሚለው፣ ብቻችሁን የምትጽፉ ከሆነ በብሎገር ጀምሩ እላለሁ። ገንዘብ ካላችሁ መጀመሪያ የራሳችሁን ዶሜይን፣ ማለትም የድረ ገጹን ስም፣ ግዙ። ብሎገር የራስን ዶሜይን በነጻ ይቀበላል። ነገ ወደ ዎርድፕሬስ መሄድ ቢያምራችሁ ስሙ ከእናንተ ጋር ይሄዳል፤ የየገጾቹን አድራሻ እንደነበረ እስካቆያችሁት ድረስ ሰው የሰጣችሁ ሊንክም አይሞትም።

በአማርኛ ወይስ በእንግሊዝኛ?

ስለ ጣና በእንግሊዝኛ ስትጽፉ ግብግቡ ከዊኪፔዲያ፣ ከትሪፕአድቫይዘር፣ ከሎንሊ ፕላኔት ጋር ነው። እነሱን አልፎ ለመታየት ረጅም ዓመት ይፈጃል። በአማርኛ ግን ሜዳው ክፍት ነው። ስለ ቆሮሶና አምባዛ ዓሣ፣ ስለ ጎርጎራ ጉዞ፣ ስለ ዘጌ የቡና ደን በአማርኛ ተስተካክሎ የተጻፈ ገጽ ፈልጉ እስቲ። እጅግ ጥቂት ነው።

አንባቢያችሁ የውጭ ቱሪስት ከሆነ ያው እንግሊዝኛ ግድ ነው። ሁለቱንም ከፈለጋችሁ ለየብቻ ገጽ አድርጓቸው፤ አንድ አንቀጽ አማርኛ፣ አንድ አንቀጽ እንግሊዝኛ እያደረጋችሁ አታደባልቁ። ገጹ የማን እንደሆነ ለአንባቢም ለጉግልም ግራ ይሆናል። የቦታ ስም ግን በአማርኛው ገጽም ላይ አንዴ በላቲን ፊደል ቢገባ ጥሩ ነው፤ የቦታና የሆቴል ስም በላቲን ፊደል የሚፈልግ አበሻ ብዙ ነው።

ባሕር ዳር ወይስ ባህርዳር?

እዚህ ላይ ልቆይ ነው፤ ለእንግሊዝኛ ጸሐፊ የተዘጋጀ መመሪያ ይሄን ጉዳይ አያነሳውም፣ እኛን ግን ከሁሉም በላይ የሚጎዳን እሱ ነው።

ባሕር ዳር፣ ባህር ዳር፣ ባህርዳር። ለእኛ አንድ ከተማ ነው። ለኮምፒውተር ግን ሐ እና ሀ ሁለት የተለያዩ ፊደላት ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1999 የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ (ለየፊደሉ ቁጥር የሚሰጠው የኮምፒውተሮች የጋራ ሥርዓት) ውስጥ ሲገባ ሀ፣ ሐ እና ኀ እያንዳንዳቸው የየራሳቸውን ቁጥር ይዘው ገቡ። ሰና ሠ፣ አና ዐ፣ ጸና ፀም እንደዚያው። ጉግል የእንግሊዝኛ ፊደል የሳተን ሰው ቶሎ ይረዳዋል፤ በአማርኛ ግን ያን ያህል አልበረታም። «ጣና ሐይቅ» እና «ጣና ሃይቅ» ብላችሁ ለየብቻ ፈልጉና ዝርዝሮቹን አስተያዩ። ብዙ ጊዜ አንድ አይሆኑም።

በዚህ ላይ ስልክ አለ። በስልክ የአማርኛ ኪቦርድ ብዙ ሰው በቀላሉ የሚያገኘው ህን ነው፤ ሕን ለማውጣት ሌላ ቁልፍ መንካት ያስፈልጋል። ለዚያም ነው ሰው በጥድፊያ «ባህር ዳር» ብሎ የሚጽፈው። እናንተ ደግሞ በወጉ «ባሕር ዳር» ብላችሁ ከጻፋችሁ፣ እሱ የሚፈልገውና እናንተ ያስቀመጣችሁት ሳይገናኙ ሊቀሩ ይችላሉ።

እንግዲህ ሦስት መንገድ አለ። አንዱ ትክክለኛውን ፊደል ብቻ መጠቀም። ሁለተኛው ሰው የሚጽፈውን ብቻ መከተል። ሦስተኛው ርዕሱ ላይ ሰው የሚፈልግበትን አጻጻፍ አድርጎ፣ ውስጡን በትክክለኛው ፊደል መጻፍ ነው። የእኔ ምርጫ ሦስተኛው ነው። ፊደል ጠንቅቆ መጻፍ የሚወዱ ሰዎች ርዕሱ ላይ ቅር ይላቸው ይሆናል፣ ይገባኛል፣ እኔም ሥርዓቱ ሲጠበቅ ደስ ይለኛል። ግን ጽሑፉን ሰው ካላገኘው ማን ያነበዋል? አንድ ነገር ብቻ አታድርጉ፦ ሁሉንም አጻጻፍ ገጹ ግርጌ ላይ ደርድሮ መለጠፍ፣ ወይም በነጭ ቀለም መደበቅ። ጉግል ይሄን እንደ ማጭበርበር ነው የሚያየው፣ ሊቀጣችሁም ይችላል።

ስሞች ላይም እንዲሁ ነው። ፏፏቴውን አንዱ ጢስ ዓባይ ይለዋል፣ ሌላው ጢስ እሳት፣ ሌላው የዓባይ ፏፏቴ ብሎ ይፈልገዋል። አንድ ተራ ዓረፍተ ነገር ሁሉንም ትይዛለች፦ «ጢስ ዓባይ፣ ጢስ እሳትም የሚባለው የዓባይ ፏፏቴ፣ ከባሕር ዳር 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ይርቃል።» አንባቢው ምንም አልጎረበጠውም፣ ሦስቱም ፈላጊ ግን ይደርስበታል።

አሕጽሮትም ይጠንቀቁበት። «ኡራ ኪ/ምሕረት»፣ «ክብራን ቅ/ገብርኤል» ብሎ መጻፍ ለምደናል። «ኪ/ምሕረት» ብሎ ጉግል ላይ የሚፈልግ ሰው ግን የለም። መጀመሪያ ሲጠራ በሙሉ ጻፉት፣ ከዚያ በኋላ እንደፈለጋችሁ አሳጥሩ።

አንድ ነገር ልጨምር። ከድሮ ኮምፒውተር የወጣ የአማርኛ ፋይል በእጃችሁ ካለ፣ ዩኒኮድ ባልሆነ የድሮ የግዕዝ ፎንት የተጻፈ ሊሆን ይችላል። ገጹ ላይ ስትለጥፉት የላቲን ፊደልና ምልክት ዝብርቅርቅ ሆኖ ይወጣል። እሱን በስዕል መልክ ከመለጠፍ ቁጭ ብሎ እንደገና መተየብ ይሻላል።

የገጹ አድራሻ በአማርኛ ወይስ በላቲን?

ሁለቱም ፍለጋ ላይ ይሠራሉ። ልዩነቱ ሊንኩን ለሰው ስትልኩ ነው የሚታየው። አድራሻ ውስጥ የገባ አንድ የአማርኛ ፊደል ኮፒ ሲደረግ ዘጠኝ ምልክት ይሆናል፤ «ጣና» ብቻዋን 18 ትሆናለች ማለት ነው። ረጅም ርዕስ ከሆነ ሊንኩ ቴሌግራም ላይ ግማሽ ገጽ ይይዛል፣ አንዳንዴም መሀል ላይ ተቆርጦ አይከፈትም። አጭር የላቲን አድራሻ ይሻላል። ብሎገር ላይ ደግሞ ርዕሱ አማርኛ ሲሆን አድራሻውን ትርጉም የሌለው ተመሳሳይ ስም ይሰጠዋል፣ ስለዚህ ከማውጣታችሁ በፊት በእጃችሁ አስተካክሉት። ከወጣ በኋላ ግን አትነካኩት።

የሚያምር ርዕስ ወይስ የሚመልስ ርዕስ?

«ውቢቷ ባሕር ዳር» የሚል ርዕስ ደስ ይላል። ማንም ግን «ውቢቷ» ብሎ አይፈልግም። አሁን ይሄን እዩት፦ «ከባህር ዳር ወደ ዘጌ በጀልባ፦ ዋጋ፣ ሰዓት፣ ሴቶች የሚገቡባቸው ገዳማት»። ይሄ ርዕስ ሊጓዝ የተነሳ ሰው ራሱ ውስጥ የሚመላለሰውን ጥያቄ ይዟል። ክብራን ገብርኤል ሴት አይገባበትም፣ ኡራ ኪዳነ ምሕረት ግን ይገባል፤ ይህን ሳታውቅ ጀልባ ተከራይታ ሄዳ ደሴቱ ዳር የምትጠብቅ ሴት ታሳዝነኛለች። አንድ ጥሩ ርዕስ ያለው ገጽ ይሄን ያስቀርላት ነበር።

ሰው ምን እንደሚጠይቅ ለማወቅ ወጪ የለበትም። ጉግል ላይ «ጣና» ብላችሁ ጀምሩና ሳትጨርሱ የሚያወርደውን ጥቆማ አንብቡ። ሌላው ምንጭ የጀልባ ማኅበሮቹ መነሻ ላይ መቆም ነው። እንግዳው ጀልባ ከመሳፈሩ በፊት የሚጠይቃቸው ጥያቄዎች እያንዳንዳቸው አንድ ገጽ ይወጣቸዋል፦ ስንት ሰው ይይዛል፣ መግቢያ ለብቻው ይከፈላል ወይ፣ ጫማ ይወለቃል ወይ፣ ከሰዓት ማዕበል ይኖራል ወይ።

ፍለጋ ላይ ከርዕሱ ሥር የሚወጣው አጭር መግለጫ ደረጃ አይጨምርም፤ ሰው እንዲጫን ግን ያግዛል፣ ሁለት ዓረፍተ ነገር ጻፉለት። «ኪወርድ» የሚል ሳጥን ካያችሁ ግን እለፉት። ጉግል ያን ሳጥን ለደረጃ እንደማይጠቀምበት እ.ኤ.አ. በ2009 ተናግሯል። ዛሬም ድረስ እሱን በመሙላት ብቻ ገንዘብ የሚቀበል ሰው አለ።

አንድ ትልቅ ጽሑፍ ወይስ ብዙ ትንንሽ?

«ስለ ጣና ማወቅ ያለብዎት ሁሉ» የሚል ጽሑፍ ገዳማቱንም፣ ዓሣውንም፣ እምቦጩንም አንድ ላይ ያጭቃል። ስለ እምቦጭ የመጣው ተማሪ ገዳማቱን አልፎ፣ ዓሣውን አልፎ መፈለግ ይሰለቸዋል። እምቦጭ ጣና ላይ የታየው እ.ኤ.አ. በ2011 መሆኑን፣ ሐይቁ በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ስፍራ የሆነው እ.ኤ.አ. በ2015 መሆኑን የሚፈልግ ሰው ሌላ ነው፤ የጀልባ ዋጋ የሚፈልገው ሌላ ነው። አንድ ጥያቄ፣ አንድ ገጽ። ከዚያ ገጾቹን በሊንክ አያይዟቸው።

በዚያ በኩል ግን ሦስት መስመር እየጻፉ ገጽ ማብዛትም አይጠቅምም። ከሌላ ቦታ እየቀዱ ወይም ማሽን እያስጻፉ ቁጥር ለማሳደግ ብቻ በገፍ መለጠፍን ጉግል እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2024 ባወጣው ደንብ በግልጽ ከልክሏል። እናንተ ያላችሁ ጉልበት ሌላ ነው። ዘጌ ሄዳችሁ ቡናው ከደኑ ጥላ ሥር እንዴት እንደሚለቀም አይታችኋል፤ ያንን ጻፉ፣ የእናንተን ፎቶ ጨምሩበት።

ፖስተር ወይስ ጽሑፍ?

እኛ ሀገር ዋጋም፣ ሰዓትም፣ ማስታወቂያም በፖስተር ነው የሚለቀቀው። ያምራል። ግን ስዕሉ ላይ የተጻፈውን አማርኛ መፈለጊያው ያነበዋል ብላችሁ አትተማመኑ። ፖስተሩን አስቀምጡ፣ ከሥሩ ያንኑ መረጃ በጽሑፍ ድገሙት።

ፎቶ ላይ ደግሞ ክብደቱን ተመልከቱ። ከስልክ የወጣ ፎቶ 4 ሜጋባይት ሊሆን ይችላል፤ አምስት እንዲህ ያለ ፎቶ ያለበት ገጽ እዚህ በሞባይል ዳታ ሲከፈት አንባቢው ተስፋ ቆርጦ ይወጣል፣ ዳታውም ተበልቶበት። ጉግል የገጹ ዋና ነገር በ2.5 ሰከንድ ውስጥ ቢታይ ጥሩ ነው ይላል፣ የሚመዝነውም የስልኩን ገጽታ ነው። ፎቶውን ከ200 ኪሎባይት በታች አውርዱት፣ በነጻ የሚያሳንሱ መተግበሪያዎች ሞልተዋል። የፎቶው መግለጫ ቦታ ላይም «የኡራ ኪዳነ ምሕረት የግድግዳ ሥዕል፣ ዘጌ» ብላችሁ ጻፉ። ካሜራው የሰጠውን ቁጥር አትተዉበት።

ሊንክ መግዛት ወይስ መጠየቅ?

ጉግል የተነሳው ከሊንክ ነው። ላሪ ፔጅና ሰርጌ ብሪን እ.ኤ.አ. በ1998 ያወጡት ሐሳብ ሌሎች የሚጠቁሙት ገጽ ሚዛን ይደፋል የሚል ነበር፤ ዛሬ ብዙ ነገር ቢጨመርበትም ሊንክ አሁንም ይቆጠራል። ለዚያም ነው ሻጭ የበዛው። «መቶ ሊንክ በዚህ ያህል ብር» የሚላችሁን አትስሙ። ደንብ መጣስ ነው፣ ሊንኮቹም ማንም የማያያቸው ገጾች ላይ ናቸው።

አንድ ጥሩ ሊንክ ከመቶው ይበልጣል። ያረፋችሁበት የእንግዳ ማረፊያ ድረ ገጽ ካለው «ስለ ዘጌ ጉዞ ጽፌያለሁ፣ ለእንግዶቻችሁ ብታስቀምጡት» በሏቸው። ስለ ሐይቁ ያጠና የዩኒቨርሲቲ መምህር ብታውቁ፣ ጽሑፋችሁን ልካችሁ አስተያየት ጠይቁት። ውጭ ያሉ የባሕር ዳር ልጆች ማኅበራትም ገጽ አላቸው። በአክብሮት ተጠይቆ እንቢ የሚል ጥቂት ነው።

ጉግል ማፕ ላይ መመዝገብ ወይስ ድረ ገጽ?

ጽሑፍ ብቻ የምትጽፉ ከሆነ ይሄ አይመለከታችሁም። ጀልባ የምታከራዩ፣ ካፌ ወይም ማረፊያ ያላችሁ ከሆነ ግን መጀመሪያ ማፑ ላይ ተመዝገቡ። ነጻ ነው። «ባህር ዳር ጀልባ ኪራይ» ብሎ ለሚፈልግ ሰው ብዙ ጊዜ ከላይ የሚወጣው ካርታው ነው። ጉግል ቦታው የእናንተ መሆኑን ለማረጋገጥ በቪዲዮ ቀርጻችሁ አሳዩኝ ሊላችሁ ይችላል፤ በሩን፣ ታፔላውን፣ ውስጡን አሳዩትና ይለፋችሁ። ስልክ ቁጥሩ የሚነሳ ይሁን። ድረ ገጹ ከዚያ በኋላ ይደርሳል።

ባለሙያ መቅጠር ወይስ ሰርች ኮንሶል?

«አንደኛ ላይ አወጣችኋለሁ» የሚል ሰው ቢመጣ፣ ጉግል ራሱ ይህን ማንም ዋስትና ሊሰጥበት እንደማይችል ይናገራል። ጥሩ ባለሙያ አለ፣ ግን ሀያ ገጽ ለማይሞላ ሥራ ገና አያስፈልጋችሁም።

ሰርች ኮንሶል ገጻችሁ ጉግል ፍለጋ ላይ እንዴት እንደሚታይ የሚያሳይ የጉግል መሣሪያ ነው፤ ነጻ ነው። ገጻችሁን አስመዝግባችሁ ሳይትማፑን (የገጾቻችሁን ዝርዝር) ታስገባላችሁ፣ ከዚያ ሰው ምን ብሎ ፈልጎ እንዳያችሁ፣ ስንቱ እንደተጫነ፣ ስንተኛ ላይ እንደነበራችሁ ያሳያችኋል፤ የ16 ወር መረጃ ይይዛል። ቅድም ያነሳሁት የሐና የሀ ጉዳይም እዚሁ ይፈታል። ሰው በየትኛው ፊደል እንደሚፈልጋችሁ ቁልጭ ብሎ ይታያል። በየቀኑ አትክፈቱት፤ አዲስ ገጽ እስኪታይ ቀናት፣ አንዳንዴም ሳምንታት ይወስዳል፣ በየቀኑ ያየ ሰው ቶሎ ይደክማል።

ስታዩ ከስምንተኛ እስከ ሃያኛ ላይ ያሉትን ጥያቄዎች ፈልጉ። እነሱ ለትንሽ የቀሩ ናቸው። አዲስ ጽሑፍ ከመጀመር እነዚያን ገጾች ማሻሻል ቶሎ ፍሬ ይሰጣል፦ ያልመለሳችሁትን ጥያቄ ጨምሩ፣ ያረጀ ዋጋ አስተካክሉ፣ ከሌላ ገጻችሁ ሊንክ ስጧቸው።

በየዓመቱ የሚመጣ ነገር ላይ ደግሞ ብዙ ሰው «ጥምቀት በባሕር ዳር» የሚለውን ዓመተ ምሕረት እየቀየረ አዲስ ገጽ ይከፍትለታል። አምና ያገኘው ሊንክና አንባቢ አምና ገጽ ላይ ይቀራል። አንድ ገጽ ይኑራችሁ፣ አድራሻው ውስጥ ዓመት አታስገቡ፣ ርዕሱን ብቻ ቀይሩ። ጥምቀት ጥር 11 ነው፤ ሰው አውሮፕላንና ሆቴል ማየት የሚጀምረው ቀደም ብሎ ስለሆነ ኅዳር ላይ አድሱት። ጢስ ዓባይ የሚሞላው በክረምቱ ማብቂያ ስለሆነ፣ የፏፏቴውን ገጽ ደግሞ ሐምሌ ላይ ጨርሳችሁ በሰርች ኮንሶል እንደገና እንዲታይ ጠይቁ።